ፓፓያን ያተረፈው የቫይረስ ቁራጭ፦ የዶክተር ዴኒስ ጎንሳልቭስ ምርምር ምን ነበር?

«ልውጠ ህያው» (በቤተ ሙከራ ዘሩ የተለወጠ ተክል ወይም እንስሳ) የሚለው ቃል በተነሳ ቁጥር ንግግሩ ብዙም ሳይቆይ ወደ በቆሎና ወደ ጥጥ፣ ከዚያም ወደ ትላልቅ የዘር ኩባንያዎች ይሄዳል። ክርክሩ ሲጋጋል የሚረሳው ግን ዋናው ነገር ነው፤ ይኸውም አንድ ተክል «በሽታን ይቋቋማል» ሲባል በውስጡ ምን እንደሚካሄድ፣ እዚያ ለመድረስስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ነው። ይህን በአንድ ሰው የሥራ ዘመን ውስጥ አጥርቶ ማየት ይቻላል። የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪው ዶክተር ዴኒስ ጎንሳልቭስ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የሃዋይን ፓፓያ ከመጥፋት ያተረፉበት ሥራ፣ ሳይንሱን ከነድካሙና ከነገደቡ የሚያሳይ በመሆኑ እዚህ ላይ በዝርዝር እንመለከተዋለን። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ተመራማሪው ማን ናቸው?

ጎንሳልቭስ የተወለዱት በሃዋይ ትልቁ ደሴት ሰሜናዊ ጫፍ ላይ በሚገኘው ኮሃላ ነው፤ ያደጉትም የሸንኮራ አገዳ እርሻ ባለበት መንደር ነው። የመጀመሪያና የሁለተኛ ዲግሪያቸውን በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ተምረው፣ ዶክትሬታቸውን በ1972 ዴቪስ ከሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በዕፅዋት በሽታ ሳይንስ አገኙ። ፍሎሪዳ ውስጥ በብርቱካንና በመሰል ፍራፍሬዎች ቫይረሶች ላይ ለተወሰኑ ዓመታት ከሠሩ በኋላ በ1977 ወደ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩ። የሠሩበት የምርምር ጣቢያ በኒውዮርክ ግዛት፣ ጄኔቫ በምትባል ትንሽ ከተማ የሚገኝ ሲሆን፣ እዚያ ለ25 ዓመታት የወይንን፣ የቲማቲምን፣ የዱባንና የሌሎች ሰብሎችን ቫይረሶች አጥንተዋል። በ2002 ወደ ተወለዱበት ደሴት ተመልሰው ሂሎ ከተማ የሚገኘውን የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የምርምር ማዕከል በዳይሬክተርነት መርተዋል።

ፓፓያ ሙቀት የሚወድ ተክል ነው፤ ጄኔቫ ደግሞ ክረምቱን በረዶ የሚሸፍናት ከተማ ናት። እዚያ ተቀምጦ የፓፓያ በሽታ ማጥናት ማለት ችግኞቹን በሚሞቅ የመስታወት ቤት ውስጥ እያሳደጉ፣ ውጤቱን ለማየት በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር አቋርጦ ወደ ሃዋይ መመላለስ ማለት ነበር። ሥራው ከቦታው ቅርበት የመጣ ሳይሆን፣ ተመራማሪው የአገራቸውን ገበሬ ችግር አስቀድመው ስላዩት የተጀመረ ነው።

የዕፅዋት ቫይረስ ምንድን ነው?

ቫይረስ በራሱ የማይበላ፣ የማይተነፍስ፣ ከሌላ ሕያው ነገር ህዋስ ውጪ የማይባዛ ቅንጣት ነው። የሃዋይን ፓፓያ ያጠቃው ቫይረስ ሁለት ነገሮች ብቻ አሉት። አንደኛው ወደ 10,300 ገደማ «ፊደላት» ያሉት አር ኤን ኤ የሚባል ረጅም ክር ነው። ይህ ክር ቫይረሱ እንዴት እንደሚባዛ የሚናገር የትእዛዝ ጽሑፍ ነው ማለት ይቻላል። ሁለተኛው ያን ክር ከላይ እስከ ታች የሚሸፍነው የፕሮቲን ካባ ሲሆን፣ እርሱም ተመሳሳይ የሆኑ ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጉ የፕሮቲን ቅንጣቶች እንደ በቆሎ ፍሬ ጎን ለጎን ተደርድረው የሚሠሩት ነው። እያንዳንዱ ቫይረስ ተጣጣፊ ዘንግ ይመስላል። አንድ ሚሊ ሜትር ለመሙላት ከአንድ ሺህ በላይ ዘንጎችን ጫፍ ለጫፍ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ቫይረስ የሚባል ነገር መኖሩ መጀመሪያ የታወቀው ከሰው ሳይሆን ከተክል መሆኑን ብዙዎች አያውቁም። ሩሲያዊው ዲሚትሪ ኢቫኖቭስኪ በ1892፣ ሆላንዳዊው ማርቲኑስ ቤይጄሪንክ ደግሞ በ1898 የታመመ የትምባሆ ቅጠል ጭማቂን ባክቴሪያ በማያሳልፍ ወንፊት ካሳለፉት በኋላም እንኳ ጤነኛውን ቅጠል እንደሚያሳምም አሳይተዋል። በዚያ ጭማቂ ውስጥ ከባክቴሪያ ያነሰ ነገር እንዳለ የተገነዘበው ዓለም፣ ቫይረስን ማጥናት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

በሽታው ዛፉ ላይ እንዴት ይታያል?

የበሽታው ስም፣ «የፓፓያ ቀለበታማ ነጠብጣብ» (በእንግሊዝኛ ሪንግስፖት)፣ የመጣው ከፍሬው ነው። በበሽታው የተያዘ ፓፓያ ልጣጩ ላይ እንደ ትንሽ ሳንቲም የሆኑ ክብ ቀለበቶች ይወጡበታል፤ አንዳንዱ ቀለበት በሌላው ውስጥ ይቀመጣል። ፍሬው ላይ ከመታየቱ በፊት ግን ቅጠሉ ይናገራል። አናት ላይ ያለው ለጋ ቅጠል አረንጓዴና ቢጫ እየሆነ ይዥጎረጎራል፤ ቀጥሎ የሚወጣው ደግሞ ሥጋው ጠፍቶ እንደ ጫማ ማሰሪያ ይቀጥናል። ዘለግ ባለው የቅጠሉ አገዳና በግንዱ ላይኛው ክፍል ላይ ዘይት የፈሰሰበት የሚመስሉ ጥቁር አረንጓዴ ጭረቶች ይታያሉ። በችግኝነቱ የተያዘ ዛፍ ለገበያ የሚሆን ፍሬ ሳይሰጥ ይቀራል፤ ካፈራ በኋላ የተያዘው ደግሞ ፍሬው እያነሰ፣ ጣዕሙም እየጠፋ ይሄዳል።

በሽታውን ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚያዛምተው ክሽክሽ የሚባለው ደቃቅ ነፍሳት ነው። ገበሬው ክሽክሽን የሚያውቀው ቅጠል ስር ተከማችቶ ጭማቂ ሲመጥ ነው፤ ፓፓያን የሚበክለው ክሽክሽ ግን አብዛኛውን ጊዜ ፓፓያ ላይ አይኖርም። ከሌላ አረም ወይም ሰብል ተነስቶ ሲበር በመንገዱ ቅጠሉ ላይ ያርፋል፤ መርፌ የመሰለ አፉን ሰክቶ ይቀምሳል፤ ካልጣመው ትቶት ይሄዳል። ያቺ የጥቂት ሰከንድ ቅምሻ ቫይረሱን ለመያዝም ሆነ ለማስተላለፍ ትበቃለች። ፀረ ተባይ መርጨት ብዙም የማይፈይደውም ለዚሁ ነው፤ መድኃኒቱ ነፍሳቱን እስኪገድላቸው ድረስ ቫይረሱ ወደሚቀጥለው ዛፍ አልፏል።

ለታመመው ዛፍስ መድኃኒት የለም? የለም። ሰውና እንስሳ በደማቸው የሚዘዋወሩ ተከላካይ ህዋሶች አሏቸው፤ ተክል እነዚህ የሉትም። በሻጋታ የታመመን ተክል የሚረጭ መድኃኒት ሊያድነው ይችላል፤ ቫይረስ ግን በተክሉ ህዋስ ውስጥ ገብቶ የተክሉን የራሱን መሣሪያ እየተጠቀመ ስለሚባዛ፣ ተክሉን ሳይጎዱ እርሱን ብቻ የሚመታ ነገር ማሳ ላይ መርጨት አልተቻለም። ስለዚህ የቀረው ምርጫ የታመመውን መንቀል፣ ከበሽታው መሸሽ፣ ወይም በሽታውን የሚቋቋም ተክል ማግኘት ነው።

በሽታው ሳይደርስ ምርምሩ ለምን ተጀመረ?

ሃዋይ መጀመሪያ የመረጠችው መሸሽን ነበር። ቫይረሱ በ1940ዎቹ ሆኖሉሉ ባለችበት በኦዋሁ ደሴት ታየ፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ የዚያች ደሴት የፓፓያ እርሻ አለቀ። አምራቾቹ ወደ ትልቁ ደሴት፣ ፑና ወደሚባለው አካባቢ ተሰደዱ። ፑና እሳተ ገሞራ ባፈሰሰው ዐለት ላይ የተዘረጋ፣ ዝናብ የማያጣው፣ ውኃ የማይተኛበት መሬት ነው። ካፖሆ የሚባለው ባለ ቢጫ ሥጋ የፓፓያ ዝርያ ከዚህ መሬት ጋር ስለ ተስማማ፣ በ1970ዎቹ የሃዋይ ፓፓያ 95 በመቶ ያህሉ የሚመረተው እዚያ ሆነ።

ችግሩ ቫይረሱ ከፑና 30 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው በሂሎ ከተማ አስቀድሞ መኖሩ ነበር። በየግቢው የበቀሉ ፓፓያዎች በሽታውን ይዘው ቆመዋል፤ የመንግሥት ሠራተኞችም የታመሙትን እየፈለጉ ይነቅሉ ነበር። ይህ ጥበቃ ለብዙ ዓመታት ሠርቷል፤ ለዘለቄታው ግን የሚያስተማምን አልነበረም። ጎንሳልቭስ ጥናቱን በ1970ዎቹ መጨረሻ የጀመሩት በዚህ ስጋት ነው። ፑና በወቅቱ ጤነኛ ነበረች፤ ገበሬውም ምርቱን እየሸጠ ነበር። በእኔ እምነት በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የበለጠው ሳይንሳዊ ብልህነት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ምርምር በዓመታት የሚለካ፣ ወረርሽኝ ግን በወራት የሚጨርስ ነገር መሆኑን ተረድቶ ቀድሞ መነሳት።

የመጀመሪያው ሙከራ ክትባትን የሚመስል ነበር። በደካማ ቫይረስ ቀድሞ የተያዘ ተክል ኃይለኛው ዘመድ ሲመጣበት እንደማይጠቃ ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ይታወቅ ነበር። በጎንሳልቭስ ቤተ ሙከራ ይማሩ የነበሩት የታይዋን ተወላጅ ሺ-ዶንግ ዬ ከኦዋሁ የመጣውን ኃይለኛ ቫይረስ በናይትረስ አሲድ አክመው ከለዋወጡት መካከል ተክሉን ብዙም የማይጎዳ ደካማ ቫይረስ አገኙ። ይህ በ1984 ይፋ ሆነ፤ በታይዋንና በሃዋይ ማሳዎችም ተሞከረ። ተስፋ ሰጪ ቢሆንም ጉድለት ነበረበት። እያንዳንዱን ችግኝ በእጅ መበከል ያስፈልጋል፤ ደካማው ቫይረስ ራሱ አንዳንድ ዝርያዎች ላይ ምልክት ያሳያል፤ ገበሬም ጤነኛ ማሳውን በፈቃዱ በቫይረስ ለመበከል ይከብደዋል። ሆኖም ያ ደካማ ቫይረስ ከንቱ አልቀረም፤ ቀጥሎ የመጣው መፍትሔ የተቀዳው ከእርሱ ነው።

የቫይረስ ቁራጭ ተክል ውስጥ ማስገባት ማለት ምን ማለት ነው?

በ1980ዎቹ አጋማሽ አንድ አዲስ ሐሳብ ብቅ አለ። ተክሉን በሙሉ ቫይረስ ከመበከል ይልቅ የቫይረሱን አንድ ዘረመል ብቻ ወስዶ በተክሉ ዘር ውስጥ ማስገባትስ? ዘረመል ማለት አንድን ፕሮቲን እንዴት መሥራት እንደሚቻል የሚናገር የትእዛዝ ቁራጭ ነው። ቁራጩ ብቻውን ቫይረስ ሊሆን አይችልም፤ ከአንድ መኪና የተፈታ በር ብቻውን እንደማይነዳ ማለት ነው። በ1986 ሴንት ሉዊስ በሚገኘው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ሮጀር ቢቺና ባልደረቦቻቸው የትምባሆ ቫይረስን የካባ ዘረመል ትምባሆ ውስጥ አስገብተው ተክሉ ሕመሙን እንደሚያዘገይ አሳዩ። ሐሳቡ በተግባር እንደሚሠራ ታወቀ።

ጎንሳልቭስ ይህን ወደ ፓፓያ ለማምጣት ሦስት ሰዎችን ያዙ። በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ የፍራፍሬ ዝርያ አዳቃይ የሆኑት ሪቻርድ ማንሻርት፣ በወቅቱ የዶክትሬት ተማሪ የነበሩት ሞሪን ፊች፣ እንዲሁም የዘረመል ሥራውን የሚያውቁት ጄሪ ስላይቶም ናቸው። የካባውን ዘረመል ከደካማው ቫይረስ ለዩት። የቀረው ጥያቄ እንዴት ፓፓያ ውስጥ ይግባ የሚል ነበር።

መልሱ የተገኘው ከዚያው ከጄኔቫ የምርምር ጣቢያ ነው። ጆን ሳንፎርድ የተባሉ የኮርኔል ተመራማሪ «የዘረመል ጠመንጃ» የሚባል መሣሪያ ከባልደረቦቻቸው ጋር ፈልስፈው ነበር። በዓይን የማይታዩ የተንግስተን ብረት ብናኞች ዘረመሉ በተጻፈበት ዲ ኤን ኤ ይለበጣሉ፤ ከዚያ በከፍተኛ ፍጥነት ወደ ተክሉ ህዋሶች ይተኮሳሉ። አብዛኞቹ ህዋሶች ይሞታሉ ወይም ምንም ሳይቀበሉ ይቀራሉ፤ ከብዙ ሺህ አንዱ ግን ዘረመሉን በራሱ ዘር መካከል ይተክለዋል። ፊች የተተኮሰባቸውን የፓፓያ ሽል ህዋሶች በብልቃጥ ውስጥ ለወራት ተንከባክበው፣ ከእነርሱ ሥርና ቅጠል ያላቸው ጥቂት ችግኞች አበቀሉ። በ1991 በጄኔቫ የመስታወት ቤት ውስጥ እነዚህን ችግኞች በኃይለኛው ቫይረስ ሲበክሏቸው ከመካከላቸው አንዱ ምንም ምልክት ሳያሳይ ቀረ። ቁጥሩ 55-1 ነበር። በዛሬው የሃዋይ ገበያ የሚሸጠው አብዛኛው ፓፓያ የዚያ የአንድ ችግኝ ዘር ነው።

በ1992 ምን ሆነ?

ከ55-1 የተባዙ ተክሎች በኦዋሁ ዋይማናሎ በሚባል ቦታ ለመጀመሪያ ጊዜ ማሳ ላይ የተሞከሩት በ1992 ነው። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ቫይረሱ ፑና ውስጥ ተገኘ። ለአሥርት ዓመታት ሲፈራ የነበረው ነገር መፍትሔው ገና በሙከራ ላይ ሳለ ደረሰ።

ሠራተኞች በሺህ የሚቆጠሩ ዛፎችን ቆርጠው ጣሉ፤ በሽታው ግን ቀደማቸው። በ1994 መንግሥት የማጥፋት ዘመቻውን አቆመ። በ1992 ፑና 24 ሚሊዮን ኪሎ ግራም ያህል ፓፓያ ታመርት ነበር፤ በ1998 ይህ ወደ 12 ሚሊዮን ገደማ ወረደ። ዕዳ የነበረባቸው ቤተሰቦች መሬታቸውን ትተው ሄዱ።

በእነዚያ ዓመታት ማንሻርት ሁለት ዝርያዎችን አዘጋጁ። አንደኛው «ሰንአፕ» የሚባል ባለ ቀይ ሥጋ ፓፓያ ነው። ሁለተኛው «ሬይንቦው» ሲሆን፣ ሰንአፕን ከፑናው ካፖሆ ጋር በማዳቀል የተገኘና ገበያው የለመደው ባለ ቢጫ ሥጋ ፍሬ ነው። በ1995 መጨረሻ በፑና፣ በሽታ በወረረው መሬት መካከል ትልቅ ሙከራ ተተከለ። ከአንድ ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ያልተለወጡት ፓፓያዎች በሙሉ ተያዙ። ከአየር ላይ የተነሳው ፎቶግራፍ ጉዳዩን ከማንኛውም ሠንጠረዥ በላይ ይናገራል፤ ቅጠላቸው ባለቀ፣ ቢጫ በሆኑና በመነመኑ ዛፎች ተከቦ፣ አንድ ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ አራት ማዕዘን ይታያል። የሬይንቦው ማሳ ነው። ከአንድ መሬት የሰጠው ለገበያ የሚሆን ምርት ካልተለወጠው ጋር ሲነጻጸር ወደ 25 እጥፍ ይጠጋ ነበር።

ሦስት የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ማለትም የግብርናው፣ የአካባቢ ጥበቃውና የምግብና መድኃኒት ቁጥጥሩ፣ በ1996 እና በ1997 ምርመራቸውን ጨረሱ። በግንቦት 1998 ዘሩ ለፑና ገበሬዎች በነፃ ታደለ።

ተክሉ ቫይረሱን እንዴት ያውቀዋል?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው፣ ተመራማሪዎቹም ጭምር በመጀመሪያ፣ የተሳሳተ ግምት ነበራቸው። ተክሉ የካባውን ፕሮቲን ስለሚሠራ ፕሮቲኑ የሚመጣውን ቫይረስ ያግደዋል ተብሎ ነበር የታሰበው። ነገር ግን ምንም ፕሮቲን የማይገኝባቸው ተክሎችም በሽታውን ሲቋቋሙ ታዩ። ጠባቂው ሌላ ነገር መሆን ነበረበት።

ፍንጩ ከአበባ መጣ። በ1990 ሐምራዊ ቀለሙን ለማድመቅ ተጨማሪ የቀለም ዘረመል የገባበት ፔቱኒያ የሚባል አበባ፣ ይደምቃል ሲባል ነጭ ሆኖ ፈካ። ተክሉ የገባበትን ዘረመል ብቻ ሳይሆን የራሱንም ጸጥ አሰኝቶት ነበር። በ1998 አንድሩ ፋየርና ክሬግ ሜሎ በትል ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ድርብ የሆነ አር ኤን ኤ በህዋስ ውስጥ ሲገኝ ተመሳሳይ ጽሑፍ ያለው ዘረመል ዝም እንደሚል አስረዱ፤ በ2006 የኖቤል ሽልማት አገኙበት። በ1999 ደግሞ እንግሊዝ አገር ኖርዊች የሚሠሩት አንድሩ ሃሚልተንና ዴቪድ ቦልኮም፣ ራሱን ከቫይረስ በሚከላከል ተክል ውስጥ 25 ያህል ፊደል ብቻ ያላቸው ደቃቅ የአር ኤን ኤ ቁራጮችን አገኙ።

ነገሩን በኬላ መመሰል ይቻላል። የተፈላጊ ወንጀለኛ ፎቶግራፍ በየኬላው ተበትኗል እንበል። ዘበኛው ሰውየውን ከዚያ በፊት አይቶት አያውቅም፤ ሆኖም የሚያልፈውን ሁሉ ከፎቶው ጋር እያስተያየ የተመሳሰለውን ይይዛል። በተክሉ ውስጥ ፎቶው እነዚያ ደቃቅ ቁራጮች ናቸው። ተክሉ ከገባበት የቫይረስ ዘረመል የተቀዳውን አር ኤን ኤ ቆራርጦ ቁራጮቹን ለመቁረጫ ፕሮቲኖች ያስይዛቸዋል፤ ክሽክሹ ቫይረሱን ይዞ ሲመጣና ክሩ ሲራቆት፣ ፕሮቲኖቹ ከያዙት ቁራጭ ጋር የሚገጥመውን ጽሑፍ አግኝተው ይቆርጡታል። የተቆረጠ ትእዛዝ ደግሞ አይፈጸምም፤ ቫይረሱ አይባዛም።

ይህ አሠራር ሰው የፈጠረው አይደለም፤ ማንኛውም ተክል አለው። ችግሩ ያልተዘጋጀ ተክል ፎቶውን የሚያገኘው ወንጀለኛው ገብቶ ከተባዛ በኋላ መሆኑና፣ የፓፓያው ቫይረስ ደግሞ ይህን መከላከያ የሚያፍን የራሱ ፕሮቲን ያለው መሆኑ ነው። የተለወጠው ፓፓያ ፎቶውን ቀድሞ ይዟል፤ ልዩነቱ ይኸው ነው።

ምሳሌው ገደቡንም ያሳያል። ፎቶው የሃዋይ ቫይረስ ፎቶ ነው። ከታይላንድ ወይም ከታይዋን የመጣ፣ ጽሑፉ በርከት ብሎ የሚለይ ዘመድ ሬይንቦው ላይ ሲሞከር ተክሉን ያሳምመዋል። ሰንአፕ ዘረመሉን ከአባትም ከእናትም በኩል ስለያዘ ይበልጥ ይቋቋማል፤ ሬይንቦው ግን አንድ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ የሃዋዩን ፓፓያ ወስዶ የትም መትከል መፍትሔ አይሆንም፤ እያንዳንዱ አገር ከራሱ ቫይረስ መነሳት ይኖርበታል። ቻይና በ2006 ለእርሻ የፈቀደችው ፓፓያ ለምሳሌ በዚያው አካባቢ በሚገኝ ቫይረስ ሌላ ዘረመል የተሠራ ነው።

የቫይረስ ዘረመል ያለበትን ፍሬ መብላት አይጎዳም?

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በሁለት መንገድ መመለስ ይቻላል። አንደኛ፣ ይህ ቫይረስ ሰውን አያሳምምም፤ የሚኖረው በፓፓያና በዱባ ወገን ተክሎች ላይ ነው። ሁለተኛ፣ ሰዎች ሳያውቁ ይህን ቫይረስ ለብዙ ዘመን በልተዋል። ቀለበት ያለበት ማንኛውም ፓፓያ በቫይረሱ የተሞላ ነው፤ በውስጡ ያለው የካባ ፕሮቲንም በተለወጠው ፓፓያ ውስጥ ካለው እጅግ ይበልጣል። ካናዳ በ2003፣ ጥብቅ ቁጥጥር ያላት ጃፓንም በ2011 የራሳቸውን ምርመራ አድርገው ፍሬውን ፈቅደዋል።

ይህ ማለት ግን ተቃውሞ አልነበረም ማለት አይደለም። በ2010 እና በ2011 በሃዋይ ማንነታቸው ያልታወቀ ሰዎች በሌሊት ገብተው በሺህ የሚቆጠሩ የፓፓያ ዛፎችን ቆርጠዋል። በ2013 የትልቁ ደሴት ምክር ቤት ልውጠ ህያው ሰብሎችን የሚከለክል ሕግ ሲያወጣ ፓፓያን ከክልከላው ነፃ አድርጎታል፤ ሕጉ ራሱ በኋላ በፌዴራል ፍርድ ቤት ውድቅ ሆኗል።

ያልተለወጠ ፓፓያ የሚያመርቱ ገበሬዎች ስጋት በተለይ ሊደመጥ የሚገባው ነው፤ የአበባ ብናኝ ወደ ማሳቸው ቢሻገርስ? በሃዋይ ለገበያ የሚተከለው ፓፓያ ወንዴና ሴቴ ክፍሎችን በአንድ አበባ የያዘ በመሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ራሱን በራሱ ያዳቅላል። ብናኙ ቢሻገርም የሚለወጠው በፍሬው ውስጥ ያለው ዘር ነው፤ የሚበላው ሥጋ የእናቲቱ ዛፍ ነው። ያን ዘር መልሶ የሚዘራ ገበሬ ግን ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። በሌላ በኩል ሬይንቦው በሰፊው ከተተከለ በኋላ የቫይረሱ መጠን ስለቀነሰ፣ ጃፓን እስክትፈቅድ ድረስ ለጃፓን ገበያ ያልተለወጠ ፓፓያ ማምረት የተቻለው በተለወጠው ፓፓያ ጥበቃ ነበር።

ገበሬው ዘሩን አስቀርቶ መዝራት ይችላል?

ቴክኖሎጂው ላይ የባለቤትነት መብት የነበራቸው ድርጅቶች ነበሩ። የሃዋይ ፓፓያ አምራቾች ኮሚቴ ከእነርሱ ጋር ተደራድሮ ፈቃዱን በ1998 ስላገኘ፣ ዘሩ በነፃ ሊታደል ችሏል። ሥራው በዩኒቨርሲቲና በመንግሥት ተመራማሪዎች የተሠራ መሆኑ ለዚህ ረድቷል።

ሰንአፕ እንደ ራሱ ይወልዳል። ሬይንቦው ግን ዲቃላ ስለሆነ ዘሩ መልሶ ሲዘራ ልጆቹ ይለያያሉ፤ ሩብ ያህሉ የመከላከያውን ዘረመል ሳይወርሱ ይቀራሉ፤ የሥጋው ቀለምም ይደበላለቃል። ስለዚህ አምራቹ በየጊዜው አዲስ ዘር መውሰድ ይኖርበታል።

ይህ ከኢትዮጵያ ጋር ምን ያገናኘዋል?

የፓፓያው ቫይረስ ፖቲቫይረስ ከሚባል ትልቅ ወገን ነው። የዚህ ወገን ሌላ አባል፣ የሸንኮራ አገዳ ዥጉርጉር ቫይረስ፣ ከሌላ ቫይረስ ጋር ሲገናኝ በቆሎን ከአናቱ ጀምሮ የሚያደርቅ ገዳይ በሽታ ያመጣል። በሽታው በምሥራቅ አፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀው በ2011 በኬንያ ሲሆን፣ በ2014 ኢትዮጵያ ውስጥም ተገኝቷል። የበቆሎ ገበሬ ማሳ ላይ የሚታየው ነገር ከፑና ጋር ይመሳሰላል፤ ቅጠሉ ይዥጎረጎራል፣ ይነጫል፣ ቆረቆንዳው ፍሬ ሳይዝ ይቀራል። ሁለቱንም ቫይረሶች የሚያሰራጩት ደቃቅ ነፍሳት ናቸው፤ የታመመውን የሚያድን መድኃኒትም የለም።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ማስታወስ ያስፈልጋል። የእንሰት አጠውላጊ በሽታ ከባክቴሪያ የሚመጣ ነው፤ ከላይ የተገለጸው የፎቶና የኬላ ዘዴ የቫይረስን ጽሑፍ የሚያነብ እንጂ ለእርሱ የሚሆን አይደለም። በአንድ በሽታ የሠራውን ለሌላው መመኘት ብዙ ጊዜ የሚያሳስት በመሆኑ፣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት በሽታ አምጪው ምንድን ነው የሚለው ነው።

ለበቆሎው በሽታ የተያዘው መንገድ በዋናነት የተለመደው የዝርያ ማዳቀል ነው። በ2013 በኬንያ ናይቫሻ ለዚህ ብቻ የተዘጋጀ የሙከራ ጣቢያ ተከፈተ። ከተለያዩ አገሮች የሚላኩ የበቆሎ ዝርያዎች እዚያ በመስመር ይዘራሉ፤ በሁለቱ ቫይረሶች ሆን ተብሎ ይበከላሉ፤ ከዚያ ተመራማሪዎቹ በየመስመሩ እየተመላለሱ ለእያንዳንዱ ነጥብ ይሰጣሉ። አብዛኛው መስመር ይደርቃል። አረንጓዴ ሆኖ የቆመው ተለይቶ ዘሩ ይሰበሰብና ገበሬው ከለመደው ዝርያ ጋር ይዳቀላል፤ በሚቀጥለው ወቅትም ልጆቹ ተመልሰው እዚያው መስመር ላይ ይዘራሉ።